የመጨረሻው ተማሪ ዕዳ
በሬዲዮ ከተነገረው



ዛሬ የምናወሳላችሁ ነገር ስለ አስማት ትምህርት ቤት ስለ ሆነ፣ ከርእሱ ሲታይ የልጆች ጨዋታ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በአውሮፓ ምድር ቋንቋቸውና ልማዳቸው የተለያየ ሕዝቦች አንዱን ተረት ለየራሳቸው ሲተርኩት ኖረዋል። ተረቱም እንዲህ የሚል ነው፤ ከመሬት በታች ወይም በተራራ ልብ ውስጥ አንድ ትምህርት ቤት አለ፤ የሚማሩት ጥቂት ናቸው፤ ትምህርቱም ሌላ ሰው የማያውቀው ነው፤ ሲፈጸም ግን ከተማሪዎቹ አንዱ ለመምህሩ ግብር ሆኖ እዚያው ይቀራል። ይህ የሚቀረው ተማሪ ማን ነው? ስለ ምንስ ይቀራል? የዛሬው ንግግራችን ይህን ጥያቄ ይዞ ከአገር ወደ አገር ይዘዋወራል። የምንጠራቸው ዓመታት፣ የኢትዮጵያ ነው ብለን ካልለየነው በቀር፣ ሁሉም በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ለንግግሩ ምክንያት የሆነን አንድ መጽሐፍ ነው። በ2020 ወይዘሮ ናኦሚ ኖቪክ የተባሉ አሜሪካዊት ደራሲ፣ ርእሱ በአማርኛ «ገዳይ ትምህርት» ሊባል የሚችል ልብ ወለድ አሳተሙ፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው ክፍልም በ2021 እና በ2022 ተከትለው ወጡ። ደራሲዋ በ1973 በኒውዮርክ የተወለዱ ሲሆኑ፣ በእናታቸው ወገን ከፖላንድ ዘር ስለ ሆኑ የዚያን አገር ተረት እየሰሙ አድገዋል።

ታሪኩ የሚፈጸመው «ስኮሎማንስ» በሚባል የአስማት ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። ትምህርት ቤቱ ምድር ላይ የቆመ አይደለም፤ በባዶ ጨለማ ውስጥ ተንጠልጥሎ፣ ከእኛ ዓለም ጋራ የሚገናኘው በታችኛው አዳራሽ በኩል ብቻ ነው። ርእሰ መምህር የለውም፤ አስተማሪም የለውም። ተማሪው አራት ዓመት ሙሉ ከመጻሕፍት ራሱን በራሱ ያስተምራል። በየቧንቧውና በየአየር መተላለፊያው ልዩ ልዩ ጭራቆች እየተሹለከለኩ ይገባሉ፤ ምግብ ለማንሣት ወይም ገላውን ለመታጠብ ብቻውን የሚሄድ ልጅ ነፍሱን በእጁ ይዞ ይሄዳል። ይህን ሁሉ አልፎ አራተኛውን ዓመት የጨረሰውም ቢሆን፣ ወደ ቤቱ ለመመለስ ጭራቆች ተሰብስበው የሚጠብቁበትን ያን የታችኛውን አዳራሽ ማቋረጥ ግዴታው ነው። ፈተናው ይህ ነው፤ ያለፈ ይወጣል፣ የወደቀ ይበላል።

ታዲያ ወላጅ ልጁን ወደዚህ ቦታ የሚልከው ስለ ምንድን ነው? ደራሲዋ ለዚህ መልስ አላቸው። አስማት ያለው ልጅ ለጭራቆች እንደ ማር ስለሚጣፍጣቸው፣ በውጭ ያለ ጠባቂ ቢቀመጥ የመሞቱ ነገር ከትምህርት ቤቱ የባሰ ነው። ስለዚህ ወላጅ ከሁለት ክፉ አነስ ያለውን ይመርጣል። ስለ አስማት ትምህርት ቤት ሲነሣ ብዙ ሰው የሚያስበው በ1997 መታተም የጀመረውን የሃሪ ፖተርን ታሪክ ነው፤ በዚያኛው ግን ለተማሪው የሚያስቡ ሽማግሌ መምህራን አሉ። በስኮሎማንስ ውስጥ ለልጅ የሚያስብለት ልጁ ራሱ ብቻ ነው።

«ስኮሎማንስ» የሚለው ስም የደራሲዋ ፈጠራ አይደለም። ለእንግሊዝኛ አንባቢ በሰፊው ያስተዋወቀችው ኤሚሊ ጄራርድ የተባለች የስኮትላንድ ተወላጅ ናት። ባሏ በኦስትሪያና ሁንጋሪያ ንጉሠ ነገሥታዊ ጦር ውስጥ የፈረሰኛ መኮንን ስለ ነበረ፣ ከ1883 እስከ 1885 ድረስ ዛሬ የሩማንያ ክፍል በሆነው በትራንሲልቫንያ ተቀመጠች። በዚያም ሳለች ከገበሬዎቹ የሰማችውን እምነትና ተረት እያሰባሰበች በ1885 በአንድ የሎንዶን መጽሔት ላይ አወጣችው፤ በ1888ም በመጽሐፍ አስፋፍታ አሳተመችው።

ጄራርድ እንደ ጻፈችው፣ በተራሮቹ ውስጥ ዲያብሎስ ራሱ የሚያስተምርበት አንድ ትምህርት ቤት አለ። የሚቀበለው ዐሥር ተማሪዎችን ብቻ ነው። የእንስሳትን ቋንቋ፣ የተፈጥሮን ምሥጢርና የአስማትን ቃል ይማራሉ። ትምህርታቸውን ሲፈጽሙ ዘጠኙ ወደየቤታቸው ይሰናበታሉ፤ ዐሥረኛው ግን ለመምህሩ ዋጋ ሆኖ ይቀራል። ከዚያ በኋላ ዘንዶ ላይ ተቀምጦ የዲያብሎስ ረዳት ይሆናል፤ ነጎድጓድና መብረቅም ያዘጋጃል። ሲቢዩ ከምትባለው ከተማ በስተደቡብ፣ በተራራ ላይ፣ ጥልቀቱ የማይታወቅ አንድ ትንሽ ሐይቅ አለ፤ ዘንዶው የሚተኛው በዚያ ስለ ሆነ እንዳይነቃ ድንጋይ አይወረወርበትም ይላሉ።

የሩማንያ ገበሬዎች እነዚህን የአየር ጠባይ አዛዦች «ሶሎሞናሪ» ይሏቸዋል። ሶሎሞናሪው የተቀደደ ልብስ ለብሶ፣ መጽሐፉን በብብቱ ይዞ በየመንደሩ ይለምናል፤ ምጽዋት የነፈገውን ሰው እርሻ በበረዶ ያስመታዋል። ስሙም ከንጉሥ ሰሎሞን ስም ጋራ የተያያዘ ነው። እዚህ ላይ የእኛ አድማጭ አንድ የሚያውቀው ነገር ያገኛል። በአገራችን «መርበብተ ሰሎሞን» የሚባል የግእዝ ጽሑፍ አለ፤ ሰሎሞን አጋንንትን ዓሣ በመረብ እንደሚያዝ አድርጎ መያዙን የሚያወራ፣ በብራና እየተጻፈ በክታብነት ሲያዝ የኖረ ነው። የካርፓትያ ተራራ ገበሬና የእኛ አገር ክታብ ጸሐፊ ሳይተያዩ፣ ሳይተዋወቁ፣ የተሰወረ እውቀት ባለቤት ነው ብለው አንዱን ንጉሥ ጠርተዋል።

ከጄራርድ ጽሑፍ ላይ ደግሞ ብራም ስቶከር የተባለው የአየርላንድ ተወላጅ ደራሲ ወሰደ። ስቶከር ትራንሲልቫንያን በዓይኑ አይቶ አያውቅም፤ ነገር ግን በ1897 ባሳተመው «ድራኩላ» በተባለው ልብ ወለዱ ውስጥ፣ የድራኩላ ዘር ምሥጢሩን የተማረው በስኮሎማንስ መሆኑንና ዲያብሎስ ዐሥረኛውን ተማሪ እንደሚወስድ አንዱ ገጸ ባሕርይ እንዲናገር አድርጓል። በዚህ መንገድ የገበሬው ተረት ዓለምን ዞረ።

አሁን ከሩማንያ ተነሥተን ወደ ሰሜን ጫፍ፣ ወደ አይስላንድ ደሴት እንሂድ። በዚያ አገር ከ1056 እስከ 1133 የኖረ ሳይሙንዱር ሲግፉሶን የሚባል ቄስ ነበረ። ሕዝቡ «ሊቁ ሳይሙንዱር» ይለዋል። የታወቀው ታሪኩ ይህ ነው። በወጣትነቱ፣ የጥንቱ ጽሑፍ «የፍራንኮች አገር» ወደሚለው ምድር ሄዶ ተምሮ ተመለሰ፤ ኦዲ በተባለው ርስቱ ላይ ቤተ ክርስቲያንና ትምህርት አስፋፋ፤ በ1097 ገደማ በአይስላንድ የዐሥራት ሕግ እንዲታወጅ ከረዱት ሰዎች አንዱ ሆነ፤ የኖርዌይን ነገሥታት ታሪክም በላቲን ቋንቋ ጻፈ። ይህ መጽሐፉ ጠፍቷል፤ ኋላ የመጡ ጸሐፊዎች ግን ይጠቅሱታል። የአይስላንድን ታሪክ በአገሩ ቋንቋ የጻፈው ቄስ አሪም መጽሐፉን ከጳጳሳቱ ጋራ ለሳይሙንዱር አሳይቶ አሳርሞታል። እንግዲህ ሰውየው የሕግና የታሪክ ሰው ነበረ።

ሕዝቡ ግን ይህን ሁሉ ትቶ ሌላ ታሪክ ሰጠው። ዮን አርናሶን የተባለ ሊቅ ከ1862 እስከ 1864 ባሳተመው የአይስላንድ ተረቶች ስብስብ ውስጥ እንደሚነገረው፣ ሳይሙንዱር የተማረው «ጥቁሩ ትምህርት ቤት» በሚባል ስፍራ ነው። ያ ቤት ከመሬት በታች የተሠራ፣ መስኮት የሌለው ድቅድቅ ጨለማ ነው። አስተማሪም የለውም፤ ተማሪዎቹ በእሳት ፊደል የተጻፉ መጻሕፍት በጨለማው ውስጥ ያነባሉ። ምግባቸውን ከግድግዳው ውስጥ የምትወጣ አንዲት ግራጫ፣ ጠጕራም እጅ ታቀርብላቸዋለች። የትምህርት ቤቱ ሕግ አንድ ነው፤ በመጨረሻ የሚወጣው ተማሪ የዲያብሎስ ነው።

የሳይሙንዱር ጊዜ ሲደርስ ሁለት ያገሩ ልጆች አብረውት ነበሩ። የመጨረሻ መሆን ማንም አልወደደም፤ እሱ ግን «እኔ እሆናለሁ» አለ። ካባውን እጅጌውን ሳያጠልቅ በትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ወጣ። ዲያብሎስ ሊይዘው ቢዘረጋ በእጁ የቀረው ካባው ብቻ ሆነ፤ የብረቱም በር በኋላው ሲዘጋ ተረከዙን አቈሰለው። ሌሎች ደግሞ እንዲህ ያወሩታል፤ ደጁ ላይ ሲደርስ ፀሐይ ወጥታ ጥላውን በግድግዳው ላይ ጣለችው፤ ዲያብሎስ «የመጨረሻው አንተ ነህ» ቢለው፣ «ከኋላዬ የሚመጣውን አታይምን?» ብሎ ጥላውን አሳየው። ዲያብሎስም ጥላውን ያዘ፤ ሳይሙንዱር ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥላ የሌለው ሰው ሆኖ ኖረ።

ሦስተኛው መንገዳችን ወደ ደቡብ፣ ወደ እስፓኝ ነው። የሳላማንካ ዩኒቨርስቲ በ1218 የተመሠረተ፣ በአውሮፓ ካሉት ጥንታውያን ትምህርት ቤቶች አንዱ ነው። በዚያችው ከተማ የቅዱስ ቆጵርያኖስ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት የነበረ አንድ ዋሻ አለ። ሕዝቡ እንደሚለው፣ በዚያ ዋሻ ዲያብሎስ ሰባት ተማሪዎችን ሰባት ዓመት ያስተምር ነበር፤ በመጨረሻም ዕጣ ይጣልና ዕጣው የወጣበት ይቀራል። ከዕለታት አንድ ቀን ዕጣው የቪዬናው መስፍን በሚባለው ላይ ወጣ፤ እሱም በብልኃት ጥላውን ጥሎ አመለጠ። ታላቁ ደራሲ ሰርቫንቴስ በ1615 ባሳተመው አጭር የቀልድ ተውኔቱ በዚህ ዋሻ ስም ተጫውቶበታል። በደቡብ አሜሪካም፣ በአርጀንቲና፣ የጠንቋዮች መሰብሰቢያ የተባለ ዋሻ ሁሉ እስከ ዛሬ «ሳላማንካ» ይባላል።

የቪዬናው ሰው ደግሞ እንደ ሳይሙንዱር በእውነት የኖረ ነው። ኤንሪኬ ደ ቪዬና ከ1384 እስከ 1434 የኖረ፣ ከንጉሣውያን ቤተ ሰብ የተወለደ፣ ነገር ግን ከሰይፍ ይልቅ መጽሐፍ የሚወድ ሰው ነበረ። የሮማዊውን የቪርጂልን ታላቅ ድርሰትና የጣሊያናዊውን የዳንቴን ሥራ ወደ ካስቲልያ ቋንቋ ተርጕሟል። በሞተ ጊዜ ንጉሥ ሁዋን 2ኛ መጻሕፍቱን ሎፔ ደ ባሪየንቶስ የተባለው መነኵሴ እንዲመረምራቸው አዘዘ፤ ብዙዎቹም ተቃጠሉ። ሰው በሕይወቱ ሳለ ሲተረጕም ኖረ፤ ከሞተ በኋላ ግን ስሙ በአስማተኛነት ተጠራ።

የተከበራችሁ አድማጮች፤ ከዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባል። ተረቱ የተጠመጠመባቸው ሰዎች በእውነት የተማሩ ሰዎች ናቸው፤ የተጠመጠመባቸውም ቦታዎች በእውነት ትምህርት የነበረባቸው ናቸው። ሌላው ምሳሌ ቶሌዶ ነው። ይህች ከተማ በ1085 ከእስላሞች እጅ ወደ ክርስቲያኖች እጅ ከገባች በኋላ፣ በ12ኛውና በ13ኛው መቶ ዓመት ከዐረብኛ ወደ ላቲን የሚተረጕሙ ሊቃውንት መናኸሪያ ሆነች። በ1187 የሞተው ጄራርድ ዘክሬሞና ብቻውን ከ70 የሚበልጡ መጻሕፍት እንደ ተረጐመ ይነገርለታል፤ ከነዚህም ውስጥ የቶሌሚ የከዋክብት ትምህርት ይገኛል። ሂሳብ፣ ሕክምናና የከዋክብት ትምህርት በዚያ በር ወደ ምዕራብ አውሮፓ ገቡ። የአውሮፓ ሕዝብ ግን ለብዙ ዘመን ቶሌዶን የሚያውቃት የአስማት ከተማ አድርጎ ነበር።

ከ999 እስከ 1003 በሮማ የጳጳስነት መንበር ላይ የተቀመጠው ሲልቬስተር 2ኛም ከዚህ አላመለጠም። በወጣትነቱ በሰሜን ምሥራቅ እስፓኝ ሂሳብና የከዋክብት ትምህርት ተምሮ ነበር። ከሞተ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1125 ገደማ፣ ዊልያም ዘማልምዝበሪ የተባለው እንግሊዛዊ መነኵሴ ይህ ሰው የዐረብ መምህሩን መጽሐፍ ሰርቆ እንደ ኰበለለና ከዲያብሎስ ጋራ እንደ ተዋዋለ አድርጎ ጻፈ። ቍጥር መደመርና ኮከብ መቍጠር ለማያውቀው ሰው እንዲህ ያለ ምሥጢር መስሎ ይታይ ነበር።

በዚህ ረገድ በባዕድ ላይ መፍረድ አይገባንም። የገዛ ቋንቋችን ምስክር ነው። ብረት ቀጥቅጦ ማረሻ የሚሠራውን ሰው «ጠይብ» ስንለው ኖረናል፤ ቃሉ የመጣው «ጠቢብ» ከሚለው፣ ማለት ጥበብ ካለው፣ ዐዋቂ ከሚለው ቃል ነው። ጥበቡን ስለ ፈራነው ግን የክብሩን ቃል ስድብ አደረግነው፤ ቡዳ ነው ብለንም ሸሸነው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓመተ ምሕረት ገደማ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ባወጡት ዐዋጅ፣ ሠራተኛን በሥራው መስደብን ሲከለክሉ፣ ብረት ሠሪው ጠይብ እየተባለ፣ የሚጽፈውም ጠንቋይ እየተባለ መሰደቡን ጠቅሰው ገሥጸዋል። ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ ብዕር ይዞ የሚውል ጸሐፊ ሁሉ፣ ከአያቶቹ ዘመን ቢወለድ ኖሮ በጠንቋይነት ሊጠረጠር ይችል እንደ ነበረ ቢያስበው መልካም ነው።

ፍርሃቱ የተረቱ አንድ ወገን ነው። ሁለተኛው ወገን ዋጋው ነው። ተረተኛው ሕዝብ ትምህርትን ከመፍራቱም በላይ አንድ እውነት አይቷል፤ እውቀት በነጻ አይገኝም፤ አንዱ ሲወጣ አንዱ ይቀራል። ፊደል ያልቈጠረው ገበሬ ይህን ከማንም ይልቅ ያውቀዋል፤ የሚቀረው እሱ ነበረና።

ይህን ሁለተኛውን ወገን በግልጽ ያሳየ አንድ ጀርመናዊ ደራሲ ነው። በምሥራቅ ጀርመን፣ ላውዚትስ በተባለው ምድር፣ ሶርብ የሚባሉ ቋንቋቸው ከስላቭ ወገን የሆነ ሕዝቦች አሉ። በነሱ ዘንድ ክራባት ስለሚባል አስማተኛ የሚነገር ተረት አለ፤ መነሻውም በ1704 በዚያ አገር የሞተ አንድ የክሮአት ተወላጅ የጦር መኮንን እንደ ሆነ ይታመናል። ከ1923 እስከ 2013 የኖረው ኦትፍሪድ ፕሮይስለር ይህን ተረት ይዞ «ክራባት» የተባለውን ልብ ወለድ በ1971 አሳተመ።

በዚህ መጽሐፍ ትምህርት ቤቱ ወፍጮ ቤት ነው። የዐሥራ አራት ዓመት ለማኝ ልጅ በሕልሙ ተጠርቶ ወደ ወፍጮው ይመጣል። ዐሥራ ሁለት ሠራተኞች አሉ፤ ዓርብ ዓርብ ማታ ቍራ ሆነው ተደርድረው ጌታቸው ከመጽሐፉ አስማት ያነብላቸዋል። ሆዳቸው ይጠግባል፤ በአስማቱም ከባዱ ሥራ ይቀልላቸዋል። ነገር ግን ዓመቱ በተለወጠ ቍጥር ከመካከላቸው አንዱ ይሞታል፤ ጌታው የራሱን ሞት በነሱ እየከፈለ ይኖራልና። የሚያስደነግጠው ሞቱ ብቻ አይደለም፤ የቈዩት ሠራተኞች ሁሉ ይህን እያወቁ ዝም ማለታቸው ነው። ዘንድሮ ያለፈው ሰው፣ ያለፈው ስለ ተረፈ ብቻ ደስ ብሎት ዳቦውን ይበላል።

ፕሮይስለር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ገና ወጣት ሳለ የዘመተ፣ በ1944 ተማርኮም አምስት ዓመት በሶቪየት እስር ቤት ያሳለፈ ሰው ነው። መጽሐፉ የራሱና የትውልዱ ታሪክ መሆኑን፣ በክፉ ሥልጣን የተማረከና የተጠላለፈ ወጣት ሁሉ ታሪክ መሆኑን ገልጿል። በመጨረሻም ክራባትን የሚያድነው የተማረው አስማት አይደለም፤ ከዐሥራ ሁለቱ ሠራተኞች መካከል ዓይኗ ተሸፍኖ የለየችው አንዲት ልጃገረድ ናት። ወፍጮው ይቃጠላል፤ ሠራተኞቹም ሁሉ ነጻ ይወጣሉ፤ የነጻነታቸው ዋጋ ግን አስማታቸውን ማጣት ነው።

አሁን ወደ ወይዘሮ ኖቪክ መጽሐፍ እንመለስ። በሳቸው ትምህርት ቤት ግብር ተቀባይ ዲያብሎስ አይታይም። በቦታው ያስቀመጡት ሰውን ነው። በዚህ ልብ ወለድ ዓለም ኀይለኞቹ አስማተኞች በየታላላቁ ከተማ «ቅጥር» ብለን ልንጠራው የምንችል የታጠረ መኖሪያ አላቸው፤ ትምህርት ቤቱን ያሠሩትም እነሱ ናቸው። ቅጥር የሌላቸው የውጭ ልጆች እንዲገቡ የተፈቀደው በርኅራኄ እንዳይመስላችሁ። የቅጥር ልጆች የሚያገለግላቸው ያስፈልጋቸዋል፤ በመጨረሻው አዳራሽም ከነሱ በፊት የሚበላ ሌላ ሥጋ መኖሩ ይጠቅማቸዋል። የውጭ ልጅ የቅጥር ልጅን የጽዳትና የጥገና ተራ ይሠራል፤ ደኅና ባልሆነው ወንበር ይቀመጣል፤ ይህን ሁሉ የሚያደርገው በመውጫው ቀን ከነሱ ጋራ እንዲያሰልፉት ተስፋ አድርጎ ነው። ወፍጮ ቤቱ ውስጥ አንዱን የሚመርጠው ጌታው ነበረ፤ በስኮሎማንስ ግን ማን እንደሚቀር የሚወስነው የማን ልጅ መሆኑ ነው።

የታሪኩ ባለቤት ኤል የምትባል ልጅ ናት። አባቷ ከሕንድ አገር፣ እናቷ ከዌልስ ናቸው፤ አባቷ በዚያው አዳራሽ፣ እርጉዝ የነበረችውን እናቷን አስወጥቶ እሱ ቀርቷል። እንግዲህ ኤል ገና ሳትወለድ የመጨረሻው ተማሪ ልጅ ነበረች። በተፈጥሮዋ ያላት ኀይል የማጥፋት ኀይል ነው፤ ቤት መጥረጊያ የሚሆን ድግምት ብትጠይቅ ትምህርት ቤቱ ሕዝብ መፍጃ ይሰጣታል። በዚያ ዓለም ደግሞ ኀይል የሚገኘው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው በገዛ ድካም የሚጠራቀም ነው፤ ሁለተኛው ከሌላ ፍጡር ሕይወት የሚሰረቅ ነው፤ የሰረቀውንም ቀስ በቀስ ያበላሸዋል። ኤል መስረቅን እምቢ አለች። ስለዚህ በመሬት ላይ ተዘርግታ በክንዷ እየተነሣች ሰውነቷን ታደክማለች፤ የምትጠላውንም የኪሮሽ ሥራ እየሠራች ጠብታ በጠብታ ታጠራቅማለች።

የጥንቱን ተረትና ይህን መጽሐፍ ብናስተያያቸው ልዩነቱ ይታየናል። ሳይሙንዱርና የቪዬናው መስፍን ብልኆች ነበሩ፤ ራሳቸውን አድነዋል፤ ሳይሙንዱር ጓደኞቹንም አስቀድሟል፣ ይህም ያስመሰግነዋል። ነገር ግን በሩ እንዳለ ቀረ፤ ሕጉም እንዳለ ቀረ፤ በሚመጣው ዓመት የሚገቡት ልጆች ያው ዕጣ ይጠብቃቸው ነበር። ወይዘሮ ኖቪክ በሁለተኛው መጽሐፍ ጥያቄውን ይለውጡታል። ኤል «እኔ እንዴት ልውጣ?» ከሚለው ተነሥታ «ወዳጆቼ እንዴት ይውጡ?» ወደሚለው ትደርሳለች፤ ከዚያም «አንድ ሰው እንዲቀር የግድ ያደረገው ማን ነው? ሁሉስ ቢወጣ?» ብላ ትጠይቃለች። የተሳካላት መሆን አለመሆኑን ለአንባቢ እንተወዋለን። ጥያቄው ግን ከመጽሐፉ አልፎ ወደ እኛ ይመጣል።

በአገራችን «የተማረ ይግደለኝ» የሚል አባባል አለ። የተናገረው ያልተማረው ሰው ነው፤ ለተማረው ያለውን ክብርና አደራ የገለጸበት ቃል ነው። ነገር ግን ከላይ ባየነው ተረት ብርሃን ሲነበብ ሌላም ፍች ያለው ይመስላል። በየመሥሪያ ቤቱ ወንበር ላይ የተቀመጥን ሰዎች እያንዳንዳችን የምናውቀው አንድ የቀረ ሰው አለ። ታናሹ እንዲማር ከሞፈር ኋላ የቀረ ታላቅ ወንድም አለ። ወንድሟ ጥናቱን እንዲያጠና ውኃ የቀዳች፣ እንጨት የለቀመች፣ ደብተር ያልያዘች እኅት አለች። አብሮን ፊደል ቈጥሮ፣ ከእኛ ይልቅ ብሩህ ሆኖ፣ በአንድ ክረምት ችግር ከትምህርት ቤት የወጣ ጓደኛ አለ። በእነዚህ ላይ በሩን የዘጋባቸው ዲያብሎስ አልነበረም።

አይስላንዳዊው ሊቅ ከጥቁሩ ትምህርት ቤት ሲወጣ ጥላውን ትቶ ወጣ ይባላል። የተማረ ሰው ጥላውን የሚጥልበት ጊዜ አለ፤ ይኸውም የቀሩለትን ሰዎች የረሳ ጊዜ ነው። ጥላ የሌለው ሰው በፀሐይ ላይ ሲቆም ያሳፍራል፤ ሳይማሩ ያስተማሩትን የረሳ ሹምም በባለ ጉዳይ ፊት ሲቆም እንዲሁ ነው። ነገ ጧት ከመስኮታችን ፊት ተሰልፎ ማመልከቻውን የሚያስጽፍለት ሰው የሚፈልግ ሽማግሌ ብናይ፣ ያ ሰው ምናልባት ለእኛ መውጣት የቀረው የመጨረሻው ተማሪ መሆኑን እናስብ፤ ዕዳችንንም ከዚያው እንጀምር።